በአንድ ጎኗ የተለበጠች መርከብ

ልጄ ሳጥኑን ያመጣችብኝ የምድጃውን ጋዝ ከፍቼ የረሳሁ ሰሞን ነው። እሳት አልተነሳም፣ ሰው አልሞተም። ጎረቤቴ ሸተተውና ገብቶ ዘጋው፤ ነገሩ በዚያ ማለቅ ነበረበት። ግን የዚህ ሰው አፍ መዝጊያ የለውም። ለልጄ ደወለላት። እሷም ከቤቷ ከኢምባካሲ፣ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ለዋውጣ መጥታ፣ ደጄ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ፣

«ባባ፣ በቃ። ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው» አለችኝ።

«የትም አልሄድም።»

«እጅህ አይሠራም።»

«ይሠራል።»

«ሻይ ስትይዝ ትደፋለህ። አይቼሃለሁ።»

«ሻይ ስለማልወድ ነው።»

አልሳቀችም። እናቷ ብትሆን ትስቅ ነበር።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ነው፤ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል። ከታች ያለው የጨርቅ መጋዘን የአንድ የሞያሌ ነጋዴ ነው። ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ያን መጋዘን ስጠብቅ ኖርኩ። አምና ስትሮክ መትቶኝ ቀኝ እጄ ሲደነዝዝ ዘበኝነቱ ቀረ። ሰውዬው ግን፣ አላህ ይስጠውና፣ «ክፍሏ ያንተ ናት፤ እስክትሞት ተቀመጥባት» አለኝ። በዚህ ከተማ ከሰው አፍ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ነው። ሌላም ካለ ረስቼዋለሁ።

ልጄ ጋ የማልሄደው ክፉ ስለሆነች አይደለም። ባሏም ክፉ አይደለም። ኬንያዊ ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ እኔን ሲያይ የሚነሳ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጆቹ አንድ ቃል አማርኛ አይሰሙም። «ባቡ» ይሉኛል፤ በነሱ አፍ አያት ማለት ነው። ባቡ ይሉና ወደ ቴሌቪዥናቸው ይዞራሉ። የሚያስገቡኝን ክፍል አሳይታኛለች። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ አውሮፕላኖቹ ከጣሪያው በላይ ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ተቀምጬ ምሳ እስኪመጣልኝ የምጠብቅ ሰው ልሆን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ስጠብቅ ኖሬ መጨረሻ ላይ ራሴ የሚጠበቅ ዕቃ ልሁን? አልፈልግም አልኳት። ደጋግሜ አልኳት።

ከዚያ ሳጥኑን ይዛ መጣች። ከመሃል ከተማ ነው የገዛችው። ክዳኑ ላይ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ተስሏል፤ ውስጡ ግን መርከብ የለም። እንደ መኮረኒ የቀጠነ ጣውላ፣ የተቀረጸ ሳንቃ፣ ክር፣ ቁራጭ ሸራ። ሠርተህ ግባበት የተባለ ቤት ማለት ነው።

«እጅህን የምታሸው የሆስፒታሏ ልጅ ጣቶቹ ጥቃቅን ሥራ ይፈልጋሉ ብላለች» አለችኝ። «አንተ ደግሞ የባሕር ሰው ነህ።»

«የባሕር ሰው አይደለሁም። አሰብ ወደብ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። መርከብ ላይ ወጥቼ የማውቀው ጭኜ ለመውረድ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ አትሥራው። እንደማትችል እኔም አውቃለሁ።»

ይህን ሆን ብላ ነው ያለችው። ተንኮሏ የእናቷ ነው። እኔም ደሜ ፈላ።

«ሠርቼ ብጨርስስ?»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን ከጨረስክ ሁለተኛ ና አልልህም። ካልጨረስክ ግን ሻንጣህን የማስረው እኔ ራሴ ነኝ።»

«ማዪ።»

«ባባ!»

«ማዪ አልኩሽ።»

«እሺ፣ ከነካሁህ የእማዬ አጥንት ይውጋኝ።»

እናቷን የቀበርነው እዚሁ ናይሮቢ ነው። በዚያች ሴት አጥንት የማለ ሰው አይዋሽም። ስለዚህ ገባሁበት።

የአሠራሩ መመሪያ በእንግሊዝኛና በጣልያንኛ ነበር። ልጄ በስልኳ ፎቶ እያነሳች ወደ አማርኛ አስገለበጠችውና በወረቀት አሳትማ ሰጠችኝ። የስልክ አማርኛ ነው፤ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ቢሆንም ልብ ካሉት ይገባል። ማንበብ እንደምችል ታውቃለች። እንዴት እንደማነብ ግን አታውቅም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። አሰብ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን ስንሸከም ውለን ማታ ማታ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ። አስተማሪያችን በዕድሜ ከሁላችንም የምታንስ ልጅ ነበረች፤ ማስመሪያ ይዛ ትዞራለች። «አንዱን መስመር ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚዘል ሌባ ነው» ትለንና ዓይናችንን ወደ ታች ስንሰድ ካየች ጣታችንን ትመታዋለች። ኩንታል የሚሸከም ጎረምሳ በማስመሪያ ሲመታ ምን እንደሚሰማው የተመታ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የማነበው እንደዚያ ነው። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስቀምጣለሁ፤ የተጻፈውን ሳልፈጽም ወደሚቀጥለው አልሻገርም። የተማሩት ወረቀት ሲያነቡ ዓይናቸው እንደ ዝንብ እዚህም እዚያም ያርፋል። ልጄም እንደዚያው ናት። እኔ አልችልበትም፤ ብችልም የሰረቅሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የመርከቧን አከርካሪ አቆምኩ። ረጅም ሳንቃ ነው፤ በላዩ ላይ የጎን አጥንቶቿ ይሰካሉ። ይህን ለመሥራት ጤነኛ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። እኔ ግን አንዱን አጥንት ስሰካ ሌላው ይወድቃል፣ ወረንጦው ከጣቴ ያመልጣል፣ ኮላው ከእንጨቱ ይልቅ እኔን ይይዛል። ቀኝ እጄን ስሰድበው የምውለውን ጎረቤቴ በግድግዳው ይሰማል። አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ የውሃ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ።

ጎረቤቴ ኤርትራዊ ነው። ካቶሊክ ነው፤ እሁድ እሁድ ቅዳሴውን ሰምቶ ይመጣና ቀሪውን ሳምንት ሰው ያማል። ወጣት ሳለ ምጽዋ ላይ ትልልቅ መርከቦችን ወደ ወደብ በምትጎትት ጀልባ ይሠራ ነበር። አማርኛን ያኔ ነው የለመደው፤ አሁን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል፣ ያናድደኛል። እሱ ጓድ ይለኛል፣ እኔ ካፒቴን እለዋለሁ። ሁለታችንም ለማክበር ብለን አይደለም።

«ጓድ፣ ይህ የዶሮ አጥንት ምንድነው?»

«መርከብ ነው።»

«አንተ መርከብ በምን ታውቃለህ? ጆንያው ፊትህን ሸፍኖት አልነበር?»

«አንተስ? ዕድሜህን ገመድ ስትጎትት ኖረህ።»

«እኔ ካልጎተትኳቸው ወደብ አይገቡም ነበር።»

«እኔ ካልጫንኳቸው ደግሞ ባዶ ሆዳቸውን ነበር የሚመለሱት።»

እጁን ዘርግቶ አንዱን አጥንት ሊያቃና ሲል እጁን መታሁት። ብቻዬን ነው የተባለው። ሌላ ሰው ከነካት ውርርዱ ፈረሰ። «እንግዲያው በአፌ ብቻ ነኝ» አለ። በአፉ ብቻ መሆን ለእሱ ቅጣት አይደለም።

አጥንቶቹ ሲቆሙ የጎኑ ልባጥ መጣ። ቀጫጭኖቹን ጣውላዎች ውሃ ውስጥ ትነክራለህ፣ ሲለሰልሱ በትኩስ ብረት ላይ ታጎብጣቸዋለህ፣ ከዚያ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በአጥንቶቹ ላይ ትለጥፋለህ። ወረቀቱ ከግራ ጎን ጀምር ይላል። የመጀመሪያውን ከላይ፣ ሁለተኛውን ከሥሩ፣ እንዲህ እያልክ እስከ አከርካሪው ውረድ ይላል። ገጹ እዚያ ያልቃል። እኔም አደረግሁ። በልብስ መቆንጠጫ እየያዝኩ፣ ኮላው እስኪደርቅ እየጠበቅኩ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። የተበላሸውን እየነቀልኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ በግራዬ እየያዝኩት። ልጄ ትደውላለች፤

«ባባ፣ እንዴት ነው ሥራው?»

«ጥሩ ነው።»

«ክፍሉን ቀለም ቀባነው፤ ሰማያዊ። ባሕር ስለምትወድ።»

«ባሕር አልወድም።»

«እሺ ባባ።»

ስትደውል ደስ ይለኝ ነበር። ሊይዙኝ እየመጡ እንደሆነ ሰው እልህ ይይዘኛል፤ እልህ ሲይዘኝ እሠራለሁ።

ግራ ጎኗ አለቀ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እጄን ሳስኬድበት እንደ ፈረስ አንገት ነው። በእጄ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምር ነገር እሱ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ በሕጉ መሠረት ገጹን ገለጥኩ። የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ አንድ ጣውላ ከግራ ስትለጥፍ አንድ ከቀኝ ለጥፍ፤ አንዱን ጎን ብቻ መጨረስ መርከቧን ያጣምማል።

ቀና ብዬ አየኋት። ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብላለች። አፍንጫዋ ወደ አንድ ወገን፣ ጭራዋ ወደ ሌላ ዞሯል፤ አንገቱን ተኝቶበት እንደተነሳ ሰው። ስትጣመም ለካ ሁልጊዜ ዓይኔ ሥር ነበረች። እኔ ግን ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነው።

የሆነውን ስረዳ ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። አሰብ ላይ ስንጭን ካቦው ከላይ ቆሞ የሚጮኸው ምን ነበር? «ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!» የመርከቧን ሆድ ከአንድ ወገን ብቻ ከሞላሃት ታዘነብላለች። አዲስ የመጡ ተሸካሚዎች አንዴ እንደዚያ አድርገው መርከቧ ወደ ባሕሩ ስትጋደል፣ ካቦው የሚረግጠውን መሬት አጥቶ ሲዘል አይቻለሁ። ይህን ነገር ማንም አያስተምረኝም። ጀርባዬ ላይ ተጽፏል። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ፣ እነዚያን ጣውላዎች ዝም ብዬ በእጄ ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እል ነበር። ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ያን ያህል ዓመት ያወቅሁትን ትቼ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁ። ሰው ማንበብ ዓይን ያበራል ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን ያነበብኩት ሁሉ «ነገ ተመለስ» እና «እዚህ ጋ ፈርም» ነው። አንዴ ወረቀት ልመን ብል ደግሞ ይህን አደረገኝ።

ካፒቴኑ በሩ ላይ ሆኖ አንገቱን እንደሷ አጣሞ አያት። ከዚያ ሳቁ መጣ።

«ጓድ፣ ይህቺ መርከብ እኮ የራሷን ጭራ ነው የምታሳድደው። ከወደብ ወጥታ ዞር ብላ እዚያው ትገባለች።»

«ውጣልኝ!»

«መቼ ገባሁና? በሩ ላይ ነኝ።»

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። መርከቧን ከነሳጥኗ ከጣሪያው ወደ ታች ልወረውራት አንስቼ ነበር። ከመወርወር የከለከለኝ የተቀባው ክፍል ነው። መርከቧ ከሞተች ሻንጣዬ ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ ከውጭ፣ ልብስ እያሰጣ፣ ለሰማዩ የሚናገር መስሎ፣ «ኮላው ነጭ ከሆነ በሙቅ ውሃ ይለቃል» አለ። ወደ እሱ ዞር ሳልል ውሃ ጣድኩ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ ጎኗ ላይ እየደረብኩ፣ ሲለሰልስ በስለት ጫፍ እያነሳሁ፣ ያን የሚያምር ጎን በገዛ እጄ ገፈፍኩት። የቆሰለ ሰው ፋሻ እንደ መፍታት ነው። አንዳንዱ ጣውላ በሰላም ወጣ፣ አንዳንዱ ተሰነጠቀ። አከርካሪዋን አርጥቤ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስሬ ድንጋይ ጫንኩባት፤ እስክትቃና። ለተሰበረው ምትክ ከማንጎ ሳጥን ላይ ጣውላ ፈለጥኩ። ቀለሙ አይገጥምም። ግድ የለኝም።

ሁለተኛው ልባጥ ሲጀመር ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር አደረግሁት። «ግራ» እላለሁ፣ እለጥፋለሁ። ካፒቴኑ ከጀሪካኑ ላይ ሆኖ «ቀኝ!» ይላል፣ ልክ እንደ ካቦ። ምጽዋም ላይ እንደዚያ ይጮኹ እንደነበር ያኔ ነገረኝ። አላመሰገንኩትም፤ እሱም አልጠበቀም።

ምሰሶዎቹና ክሮቹ ላይ ስደርስ እጄ ተለውጧል። ይህን ሳልወድ ነው የምጽፈው። የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ መቆለፍ ጀመርኩ። ስኳር ሳማስል ማንኪያው አይንቀጠቀጥም። የሆስፒታሏ ልጅ ልክ ነበረች፤ እሱም ያናድደኛል።

የልጄ ስልክ ግን ቀዘቀዘ። ስትደውልም ስለ መርከቧ አትጠይቅም። ሥራ በዝቶብኛል፣ ልጆቹ ፈተና አላቸው፣ ቻው ባባ። እኔ ደስ አለኝ። ልትሸነፍ መሆኑ ገብቷት ነው አልኩ።

«ጓድ፣ ልጅህ ዝም ብላለች፤ ለምን አትጠይቃትም?» አለኝ ካፒቴኑ።

«ለምን እጠይቃለሁ? ትጠይቀኝ እንጂ።»

«አንተ ሰው ደረቅ ነህ።»

«አንተ ደግሞ እርጥብ ነህ፤ ማን ጠቀመህ?»

ሸራዎቹን እያሰርኩ ሳለ ግን አንድ ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። ልጄ መርከቧን ስታያት ትደነግጣለች። «ባባ፣ መሐላውም ይቅር፣ ንስሐ እገባበታለሁ፣ ና በቃ» ትለኛለች። እኔ እምቢ እላለሁ። «በሞቴ» ትለኛለች። አሁንም እምቢ እላለሁ። ሦስተኛ ስትለምነኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት እሺ እንደሆነ ማን ያጣዋል? የእኛ ሰው ለምሳ እንኳ ሲጋበዝ በአንድ ቃል አይቀመጥም። በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፣ ይለመናል፣ ይጎተታል፣ ከዚያ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ እምቢ ስል የምሬን ነበር። መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ግን እምቢታዬ የምሳ ግብዣ እምቢታ ሆኖ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለካፒቴኑማ ብነግረው በማግስቱ ኢስትሊ ሁሉ ያውቀው ነበር።

አልቃለች ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ መጣች። መርከቧን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ጠበቅኳት። ገብታ አየቻት። ዞረቻት። ጎንበስ ብላ ክሮቹን በጣቷ ጫፍ ነካካቻቸው።

«ባባ! ዋው! ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ምስክር ነኝ፤ እጄን ደብድቦታል» አለ ካፒቴኑ ከበሩ።

ልጄ ሳቀች፤ ዓይኗም እርጥብ ነበር። እጄን ያዘችኝና ቀኙን አገላብጣ አየችው። እኔም ቃሉን ጠበቅኩ። መጀመሪያውን እምቢታ አፌ ላይ አዘጋጅቻለሁ።

«አሸነፍከኝ» አለች። «በእማዬ አጥንት ምያለሁ፤ ከእንግዲህ ና አልልህም። ደግሞ እግዜር ሲያውቅ…» ብላ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። «የባሌ እናት ከገጠር መጥታለች። እግሯ አብጦ መራመድ አቅቷት። መቼም ክፍሉ ባዶ ነበር። አንተም አልፈልግም እያልክ… ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ደግ አደረግሽ።»

«ልነግርህ አስቤ፣ በስልክ ደግሞ…»

«ደግ አደረግሽ አልኩሽ።»

«ተቀየምክ?»

«ለምን እቀየማለሁ? አልፈልግም አላልኩሽም?»

«ብለሃል። ደጋግመህ ብለሃል» አለች። ልቧ ሲያርፍ ፊቷ ላይ አየሁት። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት። እዚህ አገር እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል። አይለመንም፤ መለመን ሰውዬውን አለማክበር ነው። እሷ አከበረችኝ። ማን ነው እንደዚህ እንድትሆን ያሳደጋት? ስንት ዓመት ሌሊት የሰው መጋዘን ስጠብቅ እሷን ትምህርት ቤትና ጎረቤት አሳደጓት። አሁን በአማርኛ ብታናግረኝም የምትሰማኝ በሌላ ጆሮ ነው።

ካፒቴኑ፣ ያ አፉ መዝጊያ የሌለው፣ ጀሪካኑን አንስቶ ሹልክ አለ።

ልትሄድ ስትነሳ መርከቧን አየቻት።

«ልውሰዳት? ልጆቹ ይዩአት። ባቡ ነው የሠራው እላቸዋለሁ።»

የት እንደምትቀመጥ አስቤ አላውቅም ነበር። ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛዬን ይዛ ስለኖረች እዚያው የምትኖር መስሎኝ ነበር። «ውሰጃት» አልኳት። በአሮጌ አንሶላ ጠቀለልኳት፣ ደረጃውን አብሬያት ወረድኩ፣ እስከ ማታቱው ድረስ ተሸከምኩላት። ከምሰሶው ሳይሆን ከሆዷ ያዢ አልኳት። መስኮት ጥግ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ረዳቱ «ማማ፣ ይህ ሕፃን ነው ወይስ ዕቃ?» ሲላት በስዋሂሊ መለሰችለትና ተሳሳቁ። መኪናው ሄደ።

ማምሻውን ደወለች። መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ የመሃሉ ምሰሶ ተሰብሯል።

«ፖሌ ባባ፣ ይቅርታ። ባሌ በሱፐር ግሉ ይለጥፈዋል።»

«እንዳይነካው! ክሮቹን ሁሉ ያበላሻቸዋል።»

«እሺ አይነካውም። አሁን ክፍሉ ውስጥ ነው ያስቀመጥናት፣ ከአማቴ ራስጌ። ወደደቻት። ታዲያ አንተ መጥተህ ትሠራታለህ? ና።»

አንዴ ነው ያለችው። ስልኩን በቀኝ እጄ ይዤ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም።

«እስኪ እጄ ሲሻለኝ» አልኳት።

«እሺ ባባ» አለችና ዘጋችው።